በሱሉልታ ጨፌ ላይ ለሚሠራ ግንባታ ሙሉ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ግዴታ ነው?

ጥያቄ፦ ከ«ጨፌ ዳር»፣ ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ። በሕግም ሆነ በሙያ ጉዳዩን የምታውቁ ሰዎች እዚህ ስለማትጠፉ ጥያቄዬን ከነዝርዝሩ አቀርባለሁ፤ ትንሽ ቢረዝም ታገሡኝ።

የምኖረው ሱሉልታ ሲሆን ሰፈራችን ከጎጃም መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ከሰፈሩ በታች ያለው ሰፊ ሜዳ ከሰኔ ማብቂያ እስከ መስከረም ድረስ ውኃ የሚተኛበት ጨፌ ነው። ጥቅምት ሲገባ ውኃው እየሸሸ ሣሩ ይቀራል፤ ኅዳር ላይ ታጭዶ ይከመራል፤ ከዚያ በኋላ ከብት ይሰማራበታል። በበጋ ለመጣ እንግዳ ሜዳው ከማንኛውም የግጦሽ መሬት አይለይም። ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ ግን ሲኖትራኮች ሰሌክት (የመሙያ አፈር) እያመጡ በሜዳው ግርጌ በኩል መገልበጥ ጀምረዋል። ሙሌቱ አሁን ከሰው ወገብ በላይ ከፍ ብሏል፤ ቀድሞ ውኃው ወደ ወንዙ ይወርድበት የነበረውን ጠባብ ቦይም ዘግቶታል። በዚህ ምክንያት በጥቅምት ማለቅ የነበረበት ውኃ የሙሌቱን ጠርዝ ተከትሎ እስከ አሁን ተኝቷል፤ የጎረቤታችን የሣር ክምር ከሥሩ ሻግቷል፤ የእኛም የጓሮ ጉድጓድ ከወትሮው ደፍርሷል። የጉድጓዱ ነገር ከሙሌቱ ጋር ይገናኝ እንደሆነ ባለሙያ ይፍረደው።

እንደሰማነው የሚሠራው መጋዘንና የመኖሪያ አፓርታማ ነው። ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ሄደን ስንጠይቅ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱ ተሠርቶ ጸድቋል ተባልን። ሰነዱን እንድናየው ስንጠይቅ ደግሞ የአልሚው ንብረት ስለሆነ ለነዋሪ አይሰጥም የሚል መልስ ተሰጠን። ከዚህ ሁሉ የገረመን ማኅበረሰቡ ተወያይቶ መስማማቱን የሚገልጽ ቃለ ጉባኤ አለ መባሉ ነው። አምና በቀበሌው አዳራሽ ስለ ከተማው ልማት በጠቅላላው ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፤ እኔም እንደ ሌላው ሰው ተገኝቼ የመገኛ ወረቀቱ ላይ ፈርሜያለሁ፤ ስለዚህ ሜዳ ግን በዚያ ቀን አንድም ቃል አልተነሣም።

እንግዲህ ማወቅ የምፈልገው፣ በመጀመሪያ፣ እንዲህ ያለ መካከለኛ የሚባል ግንባታ በረግረጋማ መሬት ላይ ሲያርፍ ሙሉ ግምገማ እንዲደረግበት ሕጉ ያስገድዳል ወይስ ለከባድ ፋብሪካ ብቻ የተጻፈ ነው? ሌሎች አገሮች ለባሕር ዳርቻቸው የተለየ ደንብ እንዳላቸው አነባለሁ፤ እኛ ባሕር ባይኖረንም ለውኃ ዳር መሬት የሚሆን ተመሳሳይ ነገር አለን? ሰነዱን ለማየትስ በእርግጥ መብት የለንም? አቤቱታ የምናቀርብ ከሆነስ ሱሉልታን ለጠቀለለው ለሸገር ከተማ፣ ለክልሉ ወይስ ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት? ልማቱ ይቅር እያልኩ አይደለም፤ ልጆቻችንም ቤት ይፈልጋሉ። ክረምት ሲመጣ ውኃው በማን ደጅ እንደሚተኛ አስቀድሞ የተጠና ነገር ካለ ማየት ነው ፍላጎታችን።


መልስ፦ ከ«አንቀጽ ቆጣሪ»፣ ሳሪስ

የተከበሩ ጠያቂ፣ «የአልሚው ንብረት ነው» የተባሉት መልስ ከሕጉ ጋር አይሄድም። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 በአንቀጽ 15 ላይ ገምጋሚው መሥሪያ ቤት፣ የፌዴራሉም ይሁን የክልሉ፣ የጥናቱን ሰነድ ለሕዝብ ተደራሽ የማድረግና አስተያየት የመጠየቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ከዚያም አልፎ የሕዝቡ፣ በተለይም ተፅዕኖው ሊደርስበት የሚችለው ማኅበረሰብ፣ የሰጠው አስተያየት በሰነዱም በግምገማውም ውስጥ መካተቱን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ማረጋገጥ አለበት። ጥናቱን ያሠራውና የከፈለው የፕሮጀክቱ ባለቤት መሆኑ እውነት ነው፤ አዋጁ ወጪውን በእርሱ ላይ ጥሏል። ይሁን እንጂ ሰነዱ ለመንግሥት ቀርቦ ውሳኔ የሚሰጥበት ከሆነ በኋላ የግል ወረቀት ሆኖ አይቀርም። ከአዋጁም በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ሕዝብ በቀጥታ በሚመለከቱት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ዕቅድና አፈጻጸም ላይ ሙሉ ምክክር የማድረግና ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ያስቀምጣል፤ አንቀጽ 44 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ አካባቢን የሁሉም ሰው መብት አድርጎታል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። አዋጁ ለፋብሪካ ብቻ የተጻፈ አይደለም። አንቀጽ 4 የአንድ ፕሮጀክት ተፅዕኖ የሚመዘነው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በሚያርፍበት ቦታ፣ በባሕርይው፣ በአካባቢው ካሉ ሌሎች ተፅዕኖዎች ጋር ተደምሮ በሚያስከትለው ውጤት፣ በሚቆይበት ጊዜና ጉዳቱ ሊቀለበስ በመቻሉ ወይም ባለመቻሉ ጭምር እንደሆነ ይናገራል። «ቦታ» እና «ተደምሮ» የተባሉት ለእርስዎ ጉዳይ ቁልፎቹ ናቸው። በአሠራር ደረጃ ፕሮጀክቶች በልየታ፣ ማለትም በመጀመሪያው ማጣሪያ፣ ጊዜ በሦስት ይመደባሉ፦ ሙሉ ግምገማ የሚያስፈልጋቸው፣ በቅድመ ጥናት የሚታለፉና ግምገማ የማያስፈልጋቸው። መካከለኛ የሕንፃ ሥራ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ምድብ ውስጥ ተደርጎ ያልፋል። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን የአሠራር መመሪያ ማንኛውም ፕሮጀክት፣ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን፣ በቀላሉ ሊጎዳ በሚችል ሥፍራ ላይ ካረፈ እንደ አንደኛው ምድብ ይታይ ይላል። ሥፍራዎቹን ሲዘረዝርም ለመሸርሸር የተጋለጡ መሬቶችን፣ ታሪካዊና ሃይማኖታዊ ቦታዎችን፣ ጥብቅ ክልሎችን፣ ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳት የሚገኙባቸውን አካባቢዎች ይጨምራል። የእናንተ ጨፌ በስሙ የተከለለ ጥብቅ ቦታ ስላልሆነ፣ ክርክሩ በእነዚህ መመዘኛዎች በኩል መቅረብ ይኖርበታል።

ስለ ባሕር ዳርቻ ላነሡት፣ ለምሳሌ ህንድ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው ደንብ ከባሕሩ ከፍተኛ ሙላት መስመር ወደ የብስ 500 ሜትር ድረስ ያለውን መሬት ለይታ፣ በውስጡ ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደማይፈቀድ ወስናለች። በዚያ ሥርዓት መስመሩ አስቀድሞ ተሠምሯል፤ አልሚው መሬት ሳይገዛ ያውቀዋል። በእኛ አዋጅ ግን የተሠመረ መስመር የለም፤ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ጉዳዩ ሲቀርብ ነው የሚወሰነው። በ1997 የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456፣ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ እስከተተካ ድረስ፣ ረግረጋማ መሬትንና ብዝኃ ሕይወቱን ያነሣ ነበር፤ መሬቱ ወደ ከተማ ክልል ከተጠቃለለ በኋላ ግን ያን አንቀጽ ይዞ የሚከራከር ሰው ብዙም አላየሁም። በእኔ እይታ ትልቁ ክፍተታችን እዚህ ላይ ነው።

አቤቱታውን በተመለከተ፣ ፕሮጀክቱ በክልሉ ውስጥ የሚወሰንና የክልሉ ፈቃድ ያለው ከሆነ ውሳኔ ሰጪው የኦሮሚያው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። የፌዴራሉ ባለሥልጣን የሚገባው ፕሮጀክቱ የፌዴራል ፈቃድ ወይም ቁጥጥር ያለበት ሲሆን፣ አለዚያም ተፅዕኖው ክልል ተሻግሮ የሚሄድ ሲሆን ነው። በአዋጅ 299 አንቀጽ 17 መሠረት በፈቃድ አሰጣጡ ወይም በክትትሉ ቅር የተሰኘ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቅሬታ ያቀርባል፤ ኃላፊውም በ30 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ከዚህ ጎን ለጎን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም በተሰጠው ካልረኩ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። አፈር መሙላት በዚህ አዋጅ ሥር ይወድቃል ወይ ተብሎ ክርክር መነሣቱ አይቀርም፤ ቢሆንም ሁለቱንም በተለያየ ደብዳቤ ማስገባት ይሻላል፤ አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው ይቀራል።

በቅጣቱ ላይ ብዙ ተስፋ አይጣሉ። ያለ ይሁንታ ፕሮጀክት የጀመረ ወይም በሰነዱ ላይ ሐሰት ያሰፈረ ሰው የሚቀጣው ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ነው። በ1995 ዓ.ም. ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ አልሚ ከሙሌት ወጪው ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ይልቅስ ጥርስ ያለው የአዋጅ 299 አንቀጽ 3 ነው፦ የኢንቨስትመንት፣ የንግድ ወይም የሥራ ፈቃድ የሚሰጥ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት የአካባቢ መሥሪያ ቤቱ ይሁንታ መኖሩን ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ አልሚውን ብቻ ሳይሆን ፈቃድ የሰጠውንም መሥሪያ ቤት «ይሁንታው በየትኛው ቀንና ቁጥር እንደተሰጠ ይገለጽልን» ብላችሁ ጠይቁ። ይሁንታው ከፈቃዱ በኋላ የተጻፈ ከሆነ ቀኑ ብቻውን ብዙ ይናገራል።


መልስ፦ ከ«መስክ ወጪ»፣ ለገጣፎ

የአንቀጽ ቆጣሪ ማብራሪያ የተሟላ ስለሆነ ሕጉን አልደግመውም። እኔ እነዚህን ሰነዶች ከሚያዘጋጁት ወገን ነኝና፣ ሰነዱ እጃችሁ ሲገባ ምን ላይ ማተኮር እንዳለባችሁ ልናገር።

መጀመሪያ የመነሻ መረጃው የተሰበሰበበትን ወር እዩ። አብዛኛው የመስክ ሥራ የሚሠራው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ መኪና የሚገባውም ውሉ የሚፈረመውም ያን ጊዜ ነውና። በጥር ሱሉልታ የሄደ ባለሙያ የሚያየው የታጨደ ሣርና የተሰነጠቀ ዋልካ ነው፤ ሰነዱ ላይም «የግጦሽ መሬት» ብሎ ይጽፋል፤ ውሸትም አልጻፈም። ይሁን እንጂ ጨፌ ጨፌነቱ የሚለካው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ዋልካ አፈር በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምት ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች በስንጥቁ ይጠጣና ያብጣል፤ ካበጠ በኋላ ግን ውኃ ወደ ታች አያሳልፍም። ስለዚህ ከእንጦጦ ጀርባና ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ ሜዳው ላይ ይነጠፋል፤ በሣሩ መካከል ቀስ ብሎ እየተጣራ ወደ ወንዝ ይወርዳል። የእንጦጦ ሸንተረር የውኃ መለያ ነው፤ በደቡብ በኩል ያለው ወደ አቃቂና ወደ አዋሽ ሲወርድ የሱሉልታው ግን ወደ ሙገር ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። የሜዳው አንዱ ክፍል በሙሌት ሲያዝ ያው የውኃ መጠን በቀረው ላይ ይቆለላል፤ ውኃው አይጠፋም፣ ቦታ ይቀይራል እንጂ። ጠያቂው በሙሌቱ ጠርዝ ያዩት የዚህ መጀመሪያ ይመስለኛል። በአንድ ክረምት እንኳ የተለካ የውኃ ከፍታ፣ የጓሮ ጉድጓዶች ጥልቀት፣ የቦዩ ስፋትና አቅጣጫ በሰነዱ ውስጥ ከሌለ ስለ ጎርፍ የተጻፈው ሁሉ ግምት ነው።

ወቅቱ ለብዝኃ ሕይወትም ወሳኝ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ለወፍ ተመራማሪዎች አዲስ ስም አይደለም። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች አንዷ፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት ትንሽ የጨፌ ወፍ፣ በኢትዮጵያ ከታየችባቸው ጥቂት ቦታዎች ሱሉልታ አንዱ ነበር፤ በሆለታ አቅጣጫ ያለው የበርጋ ጨፌ ደግሞ የምትራባበት ሥፍራ ሆኖ ይታወቃል። ይህች ወፍ የምትገኘው በክረምት፣ ሣሩ ረዝሞ ከሥሩ ውኃ ሲኖር ነው። በጥር የተደረገ ቆጠራ ሊያገኛት ስለማይችል «በአካባቢው ለመጥፋት የተቃረበ ዝርያ አልተገኘም» የሚል ዓረፍተ ነገር ዋጋ የለውም። ወፏ ዛሬም በእናንተ ሜዳ አለች አልልም፤ ነገር ግን አለመኖሯ በክረምት ተፈልጎ መረጋገጥ አለበት። ከላይ የተጠቀሰውን «ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳት የሚገኙበት ሥፍራ» የሚለውን መመዘኛ ለማንሣትም መንገዱ ይህ ነው። ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይማ የሰፈሩ እረኞች ሁሉ የሚያውቁት ይመስለኛል።

ቀጥሎ የአማራጮችን ምዕራፍ አንብቡ። ጥሩ ሰነድ «ሌላ ቦታ ቢሆንስ? ሕንፃው በአምድ ላይ ቢቆምስ? ሙሌቱ በግማሽ ቢቀነስስ?» ብሎ ይጠይቃል። መጥፎው ደግሞ «ፕሮጀክቱ ባይኖር የሥራ ዕድል ይቀራል» ብሎ በአንድ አንቀጽ ያልፋል። ከዚያ የአካባቢ አያያዝ ዕቅዱን ሠንጠረዥ ተመልከቱ፦ ለእያንዳንዱ ጉዳት ማን፣ መቼ፣ በስንት ብር እንደሚሠራ ካልተጻፈበት ዕቅድ አይደለም። የሌላ ፕሮጀክት ሠንጠረዥ እንዳለ ተገልብጦ የሌላ ወረዳ ወንዝ ስም ሳይታረም የቀረበት ሰነድ ገጥሞኛል፤ ሙያችንን የሚያሳፍር ነው።

ስለ ቃለ ጉባኤው። በአባሪ ላይ የሚያያዘው የስም ዝርዝር ምን ተብሎ እንደተፈረመ ርዕሱን ማንበብ ያስፈልጋል። የመገኛ ፊርማ፣ አንዳንዴም የውሎ አበል መቀበያ ፊርማ፣ በኋላ የስምምነት ገጽ ሆኖ ይታያል። ምክክር የሚባለው ፕሮጀክቱ በካርታ ታይቶ፣ ጉዳቱና መፍትሔው በሚሰሙት ቋንቋ፣ በእናንተ አካባቢ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ ተነግሮ፣ ሰዎች ያነሡት ጥያቄና የተሰጠው መልስ በስማቸው ሲሰፍር ነው። በስብሰባው የነበራችሁ ሰዎች ስለ ሜዳው እንዳልተነገራችሁ በጋራ ጽፋችሁ ብታስገቡ ገምጋሚው መሥሪያ ቤት ሊያልፈው ይከብደዋል።

ምክክር ሳይገባ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ሩቅ ሳንሄድ ሰንዳፋን ማስታወስ ይበቃል። ለአዲስ አበባ ቆሻሻ የተገነባው ዘመናዊ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ የአካባቢው አርሶ አደሮች በመጥፎ ጠረኑና በውኃቸው መበከል ላይ ባነሡት ተቃውሞ በዚያው ዓመት ቆመ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ፤ መጋቢት 2009 ላይ ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ሁለቱን በቀጥታ ምክንያትና ውጤት አድርጎ ማሰር ከባድ ነው፤ ያ ማስወገጃ ቢሠራ ኖሮ ግን ቆሼ ላይ መድፋቱ ይቀር ነበር።


መልስ፦ ከ«ዲዛይን ክፍል»፣ ሰበታ

ሌላኛውንም ወገን የሚናገር ሰው ያስፈልጋልና እኔ ልሁን። በግንባታ ሥራ ላይ ነኝ። አልሚው መሬቱን ከመንግሥት በሊዝ ወስዷል፤ ካርታ አለው፤ የከተማው ፕላን ቦታውን ለቅይጥ አገልግሎት መድቦታል፤ የግንባታ ፈቃድ አውጥቷል፤ የባንክ ብድር ወለድ በየወሩ ይከፍላል። አሁን ተነሥቶ «ጨፌ ነው» ማለት ጥፋቱን መጨረሻ ላይ በተገኘው ሰው ላይ መጫን ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከሰበታ እስከ ገላን፣ ከሱሉልታ እስከ ለገጣፎ፣ ክረምት ውኃ የማይተኛበት ለጥ ያለ መሬት ፈልጋችሁ አሳዩኝ። ሜዳ ሁሉ ይከልከል ከተባለ ቤቱ ተራራው ላይ ሊሠራ ነው፤ ያኔ ደግሞ ደን ተመነጠረ ይባላል።

በቴክኒክ በኩል ግን የመስክ ወጪን ሐሳብ በከፊል እቀበላለሁ። ቦዩን ሳይተኩ መዝጋት የሙያ ጉድለት ነው። ዋልካ ላይ ሙሌት ከመሠራቱ በፊት ዙሪያውን የውኃ ማፍሰሻ ቦይ መቆፈር፣ በሙሌቱ ሥር ካልቨርት (የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ) ማሳለፍና የክረምቱን ውኃ ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ ኩሬ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ወጪውም ከጠቅላላ ግንባታው አንጻር የሚያስደነግጥ አይደለም። ይህን አልሚው ፊት ላይ ቁጭ ብሎ የሚነግረው ሰው ቢኖር ከክስ ይልቅ ቶሎ ይሰማል ብዬ አምናለሁ።


መልስ፦ ከ«አንቀጽ ቆጣሪ»፣ ሳሪስ

ዲዛይን ክፍል ያነሡት ነጥብ ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ሜዳውን ለግንባታ የመደበው ፕላኑ ነው። ለዚህም ነው አዋጅ 299 በአንቀጽ 13 ፕሮጀክቶችን ብቻ ሳይሆን መንግሥት የሚያወጣቸውን ሰነዶች፣ ማለትም ፖሊሲ፣ ስትራቴጂ፣ ፕሮግራምና ሕግ፣ ተፅዕኖ ያላቸው ሆነው ሲገኙ እንዲገመገሙ ያዘዘው። በተግባር ይህ አንቀጽ ከወረቀት ብዙም አልወረደም። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ የመሬት አጠቃቀማቸውን እንደገና ለማየት ጥሩ አጋጣሚ ተፈጥሯል፤ ውኃ የሚተኛባቸው ቦታዎች በፕላኑ ላይ ቢሠመሩ አልሚውም እንዲህ ካለ ጣጣ ይድናል።

ሆኖም ካርታና ሊዝ መኖሩ የአካባቢ ይሁንታን አይተካም፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይሁንታ ቢኖር እንኳ ይኸው አንቀጽ 3 የሰነዱ መጽደቅ ባለቤቱን ከሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ ያስቀምጣል። በአንቀጽ 11 መሠረት ደግሞ ሰነዱ ሲቀርብ ያልታየ አዲስ ሁኔታ ከተፈጠረ ጉዳዩ እንደገና ሊታይ ይችላል። የቦዩ መዘጋት በጸደቀው ሰነድ ላይ ከሌለ እንደ አዲስ ሁኔታ ሊቀርብ የሚችል ይመስለኛል።

አንድ ነገር ለለገጣፎው ወንድሜ ልጨምር። በእናንተ በኩል ያለው ጉዳይ ከሱሉልታው ይለያል። የለገዳዲና የድሬ ግድቦች ያሉት በኦሮሚያ ክልል ሲሆን ውኃውን የሚጠጣው አዲስ አበባ ነው። ከግድቦቹ በላይ ባለው ተፋሰስ የሚሠራ ግንባታ ተፅዕኖው ከክልሉ ስለሚያልፍ፣ በአንቀጽ 6 መሠረት የሌላኛውም ወገን ማኅበረሰብ ሊመከር ይገባዋል፤ የፌዴራሉ ባለሥልጣንም ሊገባበት ይችላል።


ከ«ጨፌ ዳር»፣ ሱሉልታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከጎረቤቶቼ ጋር ተመካክረን ደብዳቤውን ለመጻፍ ወስነናል። ሁለት ነገር ብቻ ላጣራ፦ ካሣ የተከፈላቸው አርሶ አደሮች ደብዳቤው ላይ ቢፈርሙ ችግር ይኖራል? የዕድራችን ማኅተምስ ይበቃል ወይስ በየግላችን እንፈርም?


መልስ፦ ከ«አንቀጽ ቆጣሪ»፣ ሳሪስ

ካሣው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚታይ የመሬት ይዞታ ጉዳይ ነው፤ ካሣ መቀበል ስለ ውኃና ስለ አካባቢ ጉዳት አቤት የማለት መብትን አያስቀርም። ስለዚህ ይፈርሙ፤ እንዲያውም ሜዳውን ከሁሉ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ዕድሩ ደብዳቤውን ይደግፍ እንጂ ሁሉም በየስሙና በየፊርማው ይግባ፤ የዕድሩ ሕጋዊ ሰውነት ምን እንደሆነ በመከራከር ጊዜ እንዲጠፋ በር አትክፈቱ።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። በመጀመሪያው ክፍል የጥናቱን ሰነድ፣ የይሁንታውን ደብዳቤ ቀንና ቁጥር፣ ፕሮጀክቱ በየትኛው ምድብ እንደታየና የምክክሩን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ጠይቁ። በሁለተኛው ክፍል የተዘጋውን ቦይና የተኛውን ውኃ ቀኑ ከሚታይበት ፎቶግራፍ ጋር አስረዱ፤ አምናና ካቻምና በነሐሴ የተነሣ ፎቶ በየስልካችሁ ውስጥ ካለ ፈልጋችሁ አያይዙት፤ ሜዳው ከሙሌቱ በፊት ምን ይመስል እንደነበረ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ላይኖር ይችላል። በሦስተኛው ክፍል ግምገማው በክረምት በተሰበሰበ መረጃ እንዲሟላና እስከዚያው ሙሌቱ ባለበት እንዲቆም፣ ቢያንስ ቦዩ በአስቸኳይ እንዲከፈት ጠይቁ። ዋናውን ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት፣ ግልባጩን ለሸገር ከተማ አስተዳደርና ፈቃድ ለሰጠው ጽሕፈት ቤት አድርጉ። መዝገብ ቤት ስታስገቡ በእጃችሁ የሚቀረው ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ሳታስመቱ እንዳትወጡ፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው፤ መልስ ካልመጣ ደግሞ የፍርድ ቤቱ 60 ቀን ወዲያው ይጀምራል።


መልስ፦ ከ«መስክ ወጪ»፣ ለገጣፎ

ከደብዳቤው ሳትጠብቁ ዛሬውኑ የምትጀምሩት አንድ ሥራ አለ። ከሙሌቱ በላይና በታች ያሉ ጥቂት የጓሮ ጉድጓዶችን መርጣችሁ፣ ከአፋቸው እስከ ውኃው ድረስ ያለውን ጥልቀት ድንጋይ በታሰረበት ገመድ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን ለኩና በደብተር መዝግቡ፤ የዘነበበትን ቀንም ከጎኑ ጻፉ። በጉድጓዶቹ አፍ ላይ የማይነቃነቅ ምልክት አድርጉ፤ ልኬቱ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ እንዲጀምር። እስከ መጪው መስከረም ከቀጠላችሁበት፣ ገምጋሚው የሚልከው ባለሙያ ሲመጣ በእጁ ያልነበረው መረጃ በእናንተ እጅ ይኖራል። ደብተሩን የሚይዝ ሰው ከታጣ በቀበሌው ያለው ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህራን ቢጠየቁ እንቢ የሚሉ አይመስለኝም።